ርእሰ አንቀጽ፦ ለጡረታው ሲቪል፥ ለመብቱ ወታደር

ለመሆኑ በጦር ኃይሎች ሆስፒታል የበሽተኛ አንሶላ የምታጥብ ሴት፥ በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምር መምህር፥ በአንድ የጦር ካምፕ ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና ሞተር የሚፈታ መካኒክ፥ ማዕረግ ሳይኖራቸውና መሣሪያ ሳይታጠቁ ከመከላከያ ደመወዝ የሚቆጠርላቸው እነዚህ ሰዎች ወታደሮች ናቸው ወይስ ሲቪሎች? ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን ደመወዛቸው በማን እንደሚወሰን፥ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፥ ሲበደሉ ወዴት አቤት እንደሚሉ፥ ሲባረሩ ማን እንደሚዳኛቸው የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሕግ በተነካ ቁጥር፥ የደመወዝ ሰሌዳ በተከለሰ ቁጥር፥ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይመለስ ተመልሶ ይተኛል። እኛ ዛሬ እንዳይተኛ ለማድረግ እንጽፋለን።

ይህ ነገር ተማሪን ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ከመምህሮቻችንም መካከል፥ እናንተ መጀመሪያ ፈተናችሁን እለፉ የሚሉን አሉ። እናልፋለን፤ ከዚያስ በኋላ? ሥራ እንደ ጥር ደመና በራቀበት በዚህ ዘመን መከላከያ ነርስ፥ መሐንዲስ፥ መምህርና የሒሳብ ባለሙያ ከሚፈልጉት ጥቂት ቀጣሪዎች አንዱ ነው። ከመካከላችን ነገ በዚያ በር የሚገባ ብዙ ነው። የሚገባበትን ቤት ሕግ ሳይጠይቅ የሚገባ ሰው ሲወጣ ቢቸገር በማን ይፈርዳል?

ሁለተኛውም ምክንያት ከአገራችን መሬት የተነሣ ነው። ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው ብዙዎቻችን ከጫግኒና ከጓንጓ ቀበሌዎች ወጥተን ኮሶበር ላይ የምንማር ነን። ከኮሶበር ተነሥቶ በጫግኒ በኩል ወደ ግልገል በለስ፥ ወደ ማምቡክና ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ ምን እንዳሳለፈ እናውቃለን። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለበት ጊዜ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ቀን ድረስ የሕዳሴው ግድብ ሲሚንቶና ብረት በዚህ መንገድ ሲያልፍ አይተናል። በጃዊና በበለስ ሸለቆ ለጣና በለስ ስኳር ፕሮጀክት ደን ሲመነጠርና አፈር ሲገፋም አይተናል። በሁለቱም ሥራ ላይ ረጅም እጅ የነበረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ነበር፤ ሕዝቡ ሜቴክ የሚለው። በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙ የልማት ድርጅት ነበር፤ ተጠሪነቱ ግን ለመከላከያ ሚኒስቴር፥ ዋና ዳይሬክተሩም ጀኔራል ነበሩ። በሥሩ ወታደርም ሲቪልም አንድ ላይ ይሠራ ነበር።

የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የስኳር ፋብሪካዎቹ በተባለው ጊዜ ሳይደርሱ ዓመታት አለፉ፥ ውሉም ከእጁ ወጣ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የግድቡ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተወሰደበት። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የቀድሞ ኃላፊዎቹ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ስለ መርከብና ስለ ሆቴል ግዥ ብዙ ተናገረ፤ የሚገባም ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል፥ ጀኔራል በሚያዝበት የልማት ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ብረት ሲበይድ የኖረ ሲቪል ሠራተኛ አለቃውን መጠየቅ ይችል ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። መጠየቅ ቢችል ኖሮ፥ ማሽኑ ሳይተከል ተተከለ ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ምስክር እርሱ በሆነ ነበር። ሠራተኛው የሚናገርበት በር የተዘጋበት ቤት ለአለቃው ይመቻል፤ ለአገሩ ግን ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አንፈልግም።

ወደ ሕጉ እንግባ፤ ሕግ የሚሰለቸው አንባቢ ጥቂት ይታገሠን። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቁጥር 515/1999 የመንግሥት ሠራተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲተረጉም፥ ከትርጓሜው የሚወጡትንም ዘርዝሯል። ሚኒስትር ዴኤታዎችና ከዚያ በላይ ያሉ ሹማምንት፥ የምክር ቤት አባላት፥ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ወጥተዋል፤ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ ስላላቸው ይህ አያስደንቅም። ከዚያ ቀጥሎ የመከላከያ ሠራዊትና የፌዴራል ፖሊስ አባላት ይወጣሉ፤ ይህም ይገባል። ነገሩ የሚበላሸው ቀጥሎ በሚመጣው ሐረግ ነው፤ በመከላከያ ሠራዊትና በፌዴራል ፖሊስ ደንብ የሚተዳደሩ ሌሎች ሠራተኞችም አብረው ይወጣሉ። ሌሎች ሠራተኞች! በዚህች በሁለት ቃል ውስጥ ስንት ሺህ ሰው እንደ ገባ አስቡት። ሐረጓ በ515 አልተወለደችም፥ በ515ም አልሞተችም፤ በ1064/2010ም እናገኛታለን። ዐዋጅ ሲሻር ዐዋጅ ሲተካ፥ እርሷ እንደ አሮጌ ወንበር ከቤት ወደ ቤት ትዛወራለች።

እንግዲህ ከመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የወጣ ሰው ወደ አሠሪና ሠራተኛ ሕግ ይግባ እንበል። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የጦር ኃይል አባላትን፥ ፖሊሶችን፥ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችንና በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን ሁሉ ከደጁ ይመልሳል። ስለዚህ የካምፑ መካኒክ አንዱን በር ሲያንኳኳ አንተ የመከላከያ ነህ ይባላል፤ ሌላውን ሲያንኳኳ አንተ የመንግሥት ነህ ይባላል። የሌሊት ወፍ ግብር ሲመጣ ከአይጦች ዘንድ ወፍ ነኝ፥ ከወፎች ዘንድ አይጥ ነኝ ትል ነበር ይባላል። እርሷ ለራሷ ጥቅም ነው እንዲያ የምትለው። ይህ ሠራተኛ ግን ሳይወድ የሌሊት ወፍ ተደርጎ ከሁለቱም ወገን ይባረራል።

በተራ መሥሪያ ቤት ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ሲባረር ቢያንስ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት የሚባል አለው። ፍርድ ቤቱ ፍጹም ነው አንልም፤ ቀጠሮው እንደሚረዝም፥ ከወረዳ ለመጣ ሰውም አዲስ አበባ ድረስ መመላለሱ ኪስ እንደሚያራቁት እናውቃለን። ነገር ግን መዝገብ ይከፈታል፥ መሥሪያ ቤቱ መልስ ይሰጣል፥ ውሳኔውም ተጽፎ ይወጣል። በልዩ ደንብ የሚተዳደረው ሠራተኛ ይህ ሁሉ የሚገኝለት ደንቡን ያወጣው ክፍል እስከ ፈቀደ ድረስ ብቻ ነው። ከሳሽም እርሱ፥ ዳኛም እርሱ በሆነበት ቤት ይግባኝ የሚለው ቃል ምን ትርጉም አለው?

መንግሥት እኮ እነዚህ ሰዎች ሲቪል መሆናቸውን አጥቶት አይደለም። የጡረታውን ሒሳብ ተመልከቱ። ለወታደርና ለፖሊስ አሠሪው የሚያዋጣው የደመወዙን 25 በመቶ ነው፤ ለሲቪል ሠራተኛ ግን 11 በመቶ ብቻ ነው። ከሠራተኛው የሚቆረጠው በሁለቱም በኩል 7 በመቶ ነው። ወታደር ከሲቪሉ አስቀድሞ ጡረታ ይወጣል፤ ሲቪሉ እስከ 60 ዓመቱ ይሠራል። ልዩነቱ ትክክል ነው፤ ጥይት ፊት የሚቆምና ጠረጴዛ ፊት የሚቀመጥ እኩል አይታዩም። እኛ የምንለው፥ ለመክፈል ሲሆን ሲቪል ነህ የተባለ ሰው መብቱን ሲጠይቅ ወታደር ነህ አይባል ነው። ወይ ከነሸክሙ ከነጥቅሙ ወታደር አድርጉት፤ ወይ ከነመብቱ ሲቪል ይሁን።

ሕገ መንግሥቱስ ምን ይላል? አንቀጽ 42 የመደራጀት መብት የሚሰጠው ለፋብሪካና ለአገልግሎት ሠራተኛ፥ ለገበሬና ለእርሻ ሠራተኛ ብቻ አይደለም። የሥራቸው ጠባይ ለሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ለሆኑ የመንግሥት ሠራተኞችም ይሰጣል። ከአሠሪያቸው ጋር በማኅበር የመደራደር፥ ቅሬታን የማሰማት፥ ሥራ እስከ ማቆም የሚደርስ መብት በዚሁ አንቀጽ ተጽፏል። ከዚያም የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን መብት እንደሚያገኙ በሕግ ይወሰናል ይላል። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ1987 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሰላሳ ዓመት አልፎት የልጆች አባት ሊሆን ይችላል፤ የሚወሰነው ሕግ ግን አልተወሰነም። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሣ። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል እንዲሆን ያዛል። የሠራዊቱ የበላይ ኃላፊ ሲቪል መሆኑ ምሥጢር የሚያባክን፥ ዲሲፕሊን የሚያላላ ካልሆነ፥ የአንሶላ አጣቢዋ ሲቪልነት ምኑን ያናጋዋል?

ተቃዋሚዎቻችን የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ቀላል አድርገን አናየውም። መከላከያ እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ምሥጢር አለ፥ አስቸኳይ ግዳጅ አለ፥ አገር በጦርነት ላይ ስትሆን ቅዳሜና እሑድ የለም ይላሉ። እውነት ነው። እኛ የዚህ አካባቢ ልጆች ጦርነት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማርንም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀለው ሕዝብ ጫግኒ አጠገብ በራንቹ ሜዳ ላይ በድንኳን ሲሰፍር፥ ወገኖቻችን እንጀራ ተሸክመው ወደዚያ ሲሄዱ ነበርን። ያን ጊዜ በጤና ጣቢያውና በድንኳኑ መካከል ሲሯሯጡ ያየናቸው ነርሶች የሥራ ሰዓት አልቆጠሩም። ለአስቸኳይ ጊዜ አስቸኳይ ሥራ የሚያሠራ ድንጋጌ ይኑር፤ ምሥጢር የያዘ ሰው በምሥጢር ሕግ ይጠየቅ። ይህ ሁሉ የሚወሰነው በሥራው ጠባይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ያለው ይህንኑ ነው። የራዳር ባለሙያውንና የወጥ ቤት ሠራተኛዋን በአንድ ሐረግ ጠቅልሎ ከሕግ ማስወጣት ግን ጥንቃቄ አይባልም፤ ስንፍና ነው።

አገራችን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ስምምነት፥ ቁጥር 87ን፥ የተቀበለችው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የመደራደር መብት ስምምነቱን፥ ቁጥር 98ን፥ በዚያው ቀን ተቀብላለች። ስምምነቱ ጦር ሠራዊትንና ፖሊስን የየአገሩ ሕግ እንዲወስንላቸው ይተዋል። ነገር ግን በሠራዊት ውስጥ የሚሠሩ ሲቪሎች ከዚህ ልዩ ሁኔታ ውስጥ እንደማይገቡ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ አካላት ደጋግመው ተናግረዋል። ስለዚህ የምንጠይቀው ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችን በነበሩበት ዘመን የተፈረመ ወረቀት ይከበር ነው።

በሌላም አገር ይህ ተሞክሯል። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት የመገናኛና የስለላ ማዕከል በሆነው፥ በቼልተንሃም ከተማ በሚገኘው መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሲቪሎች የሠራተኛ ማኅበር አባላት ነበሩ። በጥር ወር 1984 እ.ኤ.አ. የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በብሔራዊ ደኅንነት ስም ማኅበሩን ከለከለ፤ ለሚለቅ ሁሉ 1,000 ፓውንድ እንደሚሰጥም አስታወቀ። አብዛኛው ወሰደ፥ መኖር አለበትና አንፈርድበትም። አሻፈረኝ ካሉት 14 ሰዎች ተባረሩ። ጉዳያቸው ከአደባባይ ሳይጠፋ 13 ዓመት ቆየ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሲለወጥ ክልከላው ተነሣ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ማኅበር ባለመኖሩ የተረፈ ምሥጢር ቢኖር የሚነግረን አላገኘንም።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው የአሜሪካው ነው፤ እርሱ የደመወዝ ነገር ነውና ረዘም አድርገን እንናገረዋለን። በዚያ አገር በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር 700,000 ያህል ሲቪሎች ይሠሩ ነበር። የአብዛኞቹ የቢሮ ሠራተኞች ደመወዝ በ15 ደረጃ፥ እያንዳንዱም ደረጃ በ10 እርከን ተከፍሎ በታወቀ ሰሌዳ ይወሰን ነበር። ማንኛውም ሰው ሰሌዳውን አይቶ ጓደኛው ስንት እንደሚያገኝ፥ እርሱም ከ3 ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ ማወቅ ይችላል። የጊዜው የመከላከያ ሚኒስትር ዶናልድ ራምስፌልድ ይህ አሠራር አሮጌ ነው፥ ለሽብር ዘመን አይሆንም አሉ። በኖቬምበር 2003 እ.ኤ.አ. አዲስ የሠራተኞች አስተዳደር ሥርዓት እንዲዘረጋ ሕግ ወጣ።

አዲሱ ሥርዓት ደረጃዎቹን አፍርሶ በጥቂት ሰፋፊ መደቦች ጠቀለላቸው። ጭማሪው በአለቃ ምዘና ሆነ። ለአንድ ክፍል የተመደበው የጭማሪ ገንዘብ በአንድ ቋት ይቀመጣል፤ ሠራተኛው ከ1 እስከ 5 ይመዘናል፤ በነጥቡ መጠን ከቋቱ ድርሻ ይወስዳል። ቋቱ ራሱ ስለማያድግ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተቀነሰ ነው። ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት መካኒኮች በዚህ ሥርዓት ባልደረቦች መሆናቸው ቀርቶ ተፎካካሪዎች ይሆናሉ፤ አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ማስተማር ከራሱ ኪስ እንደ መስጠት ይቆጠርበታል። ይህ ብቻ አይደለም፤ ሚኒስቴሩ ከማኅበራት ጋር የገባውን የድርድር ውል በራሱ መመሪያ ሊሽር፥ ክርክሩንም ራሱ ባቋቋመው ቦርድ ሊያስዳኝ ሥልጣን ተሰጠው።

36 ማኅበራት አንድ ሆነው ተቃወሙ። በፌብሩዋሪ 2006 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛ ኢሜት ሱሊቫን የድርድሩን ክፍል ሻሩት። በሚቀጥለው ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በድምፅ ብልጫ ለመንግሥት ፈረደ። ማኅበራቱ በፍርድ ቤት ቢሸነፉም ወደ ምክር ቤት ሄዱ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የድርድር መብቱ ተመለሰ፥ በኦክቶበር 2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሥርዓቱ በሙሉ ተሻረ። ወደ አዲሱ መደብ ተዛውረው የነበሩት ከ200,000 በላይ ሠራተኞች ወደ ጥንቱ ሰሌዳ ተመለሱ። የዓለም ሀብታም የሆነው መከላከያ ስድስት ዓመትና ብዙ ገንዘብ አጥፍቶ ወደ ተነሣበት ተመለሰ ማለት ነው። ትግሉ ግን ተጠናቀቀ ማለት አይደለም፤ በማርች 2025 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንደገና በብሔራዊ ደኅንነት ስም የመከላከያን ሲቪሎችና የሌሎች ብዙ መሥሪያ ቤቶችን ሠራተኞች ከማኅበር ድርድር የሚያስወጣ ትእዛዝ ፈርመዋል።

ይህን ሁሉ የምናወራው ለወሬ ያህል አይደለም። በአገራችን ደመወዝን ከአለቃ ምዘና ጋር የማሰር፥ ቋሚነትን በፈተና የመወሰን አሳብ በየጊዜው ይመለሳል። መምህሮቻችን ያስታውሳሉ፤ ቢፒአር መጣ፥ ቢኤስሲ መጣ፥ ካይዘን መጣ፥ አንድ ለአምስት መጣ። ሁሉም ሲመጣ ቅጽ ይሞላል፥ ሲሄድ ቅጹ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹን ለብቃት ፈተና አስቀመጠ፤ ለብዙ ዓመት ጠረጴዛቸው ላይ የሠሩ ሰዎች በአንድ ቀን ወረቀት ተመዘኑ። በ2017 ዓ.ም. አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ወጥቷል። ብቃትን አንጠላም፤ ባለጉዳይ ሆነን በመስኮት ፊት የቆምን ሁሉ ብቃት ያለው ሠራተኛ እንፈልጋለን። የምንቃወመው ፈታኙም፥ አራሚውም፥ አሰናባቹም አንድ አካል ሲሆንና ሠራተኛው በመካከል የሚናገርበት ማኅበር ሳይኖረው ሲቀር ነው። የሌላው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በዚህ ከተጎዳ፥ በልዩ ደንብ የሚተዳደረው የመከላከያ ሲቪል እንዴት ይሆናል?

ስለ ደመወዙም ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በወጣው ሰሌዳ ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000፥ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ከፍ ብሏል። የዲግሪ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ሆኗል። ጭማሪው ጭማሪ ነው፥ አንክድም። ነገር ግን በመቶኛ ስናሰላው ከላይ ላለው 81፥ ከታች ላለው 26 በመቶ ገደማ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በተደረገው ማስተካከያ የታችኛው ከ1,500 ወደ 4,760 ወጥቶ፥ የላይኛው በ1,000 ብር ያህል ብቻ ስለጨመረ ክፍተቱ ጠብቦ ነበር፤ ያ መልካም ሥራ ነበር። አሁን ግን ላይኛው ከታችኛው 4 ከግማሽ እጥፍ የነበረው ወደ 6 ከግማሽ እጥፍ ተመልሷል። የላይኛውን እርከን የሚያገኙት ሰሌዳውን ለሚያወጡት የሚቀርቡ ናቸው፤ ጽዳት ሠራተኛዋን የጠየቃት የለም።

የኛን ድርሻ ደግሞ እንይ። ዲግሪ ይዞ በ11,500 ብር የሚቀጠር ጓደኛችን በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ይቀርለታል፤ በቀረው ላይ ከ15 በመቶ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እያደገ 2,100 ብር ይከፍላል። ጡረታ 805 ብር ይቆረጥበታል። በእጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፥ ከቤተሰብ የተላከ ታናሽ ወንድም፥ ለጫግኒዋ እናት የሚላክ ጥቂት ብር ሲነሣለት የሚቀረውን እናንተ አስሉት። ዶላር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከ57 ብር ተለቅቆ ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር ካለፈ ወዲህ፥ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒትና ነዳጅ በዚህ ደመወዝ ላይ ምን እንዳደረገ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ይህንኑ የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ቀን ቆጥረው አስታወቁ፥ ሥራም አቆሙ። የሚደራደርላቸው በሕግ የታወቀ የሠራተኛ ማኅበር ስላልነበራቸው ንግግሩ በማኅበራዊ ገጽ ነበር፤ ምላሹም ለብዙዎቻቸው እስራት ሆነ። በሽተኛ ሳይታከም መቅረቱ ያሳዝነናል፤ ከመካከላችን ዘመዱ አልጋ ላይ የነበረ አለ። ለዚህም ነው የድርድር ጠረጴዛ አስቀድሞ ይዘርጋ የምንለው።

የ1966ቱን ዓመት የምናነሣው አያቶቻችን ስለ ኖሩበት ብቻ አይደለም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመፀው ስለ ሥልጣን አልነበረም፤ ስለ ምግብና ስለ ውኃ ነበር። ቅሬታውን የሚያቀርብበት በር ስላልነበረው አዛዦቹን አሰረ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጀኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዞ ከራሱ ምግብ አበላቸው። በየካቲት መምህራን የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን ተቃውመው ማስተማር አቆሙ፤ ጥናቱ ኑሯቸውንና ሥራቸውን የሚነካ ሆኖ ሳለ በጓዳ የተዘጋጀ ነበርና። የካቲት 28 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አወጀ። ሦስቱን አስተያዩአቸው። ማኅበር የነበረው ሠራተኛ ጥያቄውን በወረቀት አቀረበ፥ ተደራደረ፥ በአራት ቀን ውል ተፈራርሞ ወደ ሥራው ገባ። በር ያልነበረው ወታደር ግን ወደ ካምፑ አልተመለሰም፤ በመስከረም ዙፋኑን ገለበጠ፥ ቀጥሎም አሥራ ሰባት ዓመት ገዛ። የዚያን ጊዜው የመንግሥት ሠራተኛም ከማኅበር መብት ውጭ ተደርጎ ስለነበር የየመሥሪያ ቤቱ አድማ ያለ መሪ እየተከታተለ ነበር የፈነዳው።

የገዛ ጓደኞቻችንንም ሳንወቅስ አናልፍም። እኔ መከላከያ ገብቼ የቤት አበልና የሕክምና ጥቅም ካገኘሁ ሕጉ ምን ይሠራልኛል የሚል ድምፅ በካፌው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ጥቅሙ በመመሪያ የተሰጠ ከሆነ በመመሪያ ይወሰዳል። አለቃህ የወደደህን ዓመት አትቁጠር፤ የሚቀጥለውን አለቃ አስብ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ምንድን ነው? መጀመሪያ፥ ሌሎች ሠራተኞች የምትለው ሐረግ ተተርጉማ ትወሰን፤ በመከላከያ ሥር ማዕረግ የሌለው ሠራተኛ ሁሉ፥ የሥራው ጠባይ በዝርዝር ካልከለከለው በቀር፥ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይመለስ። በመከላከያ ስም የሚቋቋም የልማት ድርጅት ሠራተኛም የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ያለ አንዳች ጥያቄ ይመለከተዋል ተብሎ ይጻፍ፤ የድርጅቱ ዳይሬክተር ጀኔራል መሆኑ ይህን አይለውጠው። የነዚህን ሰዎች ደመወዝ፥ ምዘናና ስንብት የሚለውጥ ማንኛውም ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት ታትሞ ይታይ፥ ሠራተኞቹም በመረጧቸው ሰዎች ይናገሩበት። አንቀጽ 42 ያዘዘው ሕግ ይርቀቅ። እስከዚያው ድረስ በምዘና ነጥብ የሚከፈል ደመወዝና ያለ ይግባኝ የሚደረግ ስንብት በመከላከያ ሲቪሎች ላይ እንዳይጀመር አጥብቀን እንቃወማለን።

ከጥያቄዎቹ የመጨረሻውን፥ የአንቀጽ 42ን ረቂቅ፥ የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ሳንጠብቅ ራሳችን ልንጀምረው እንችላለን። የሕግ ትምህርት ክፍል መምህራንና የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች፥ የትኞቹ የሥራ መደቦች በማኅበር እንዲደራጁ ሊፈቀድላቸው እንደሚገባ፥ የትኞቹስ ሊቀሩ እንደሚገባ ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው እትም ስድስት ገጽ ለዚሁ አስቀርተናል። በመከላከያ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ወላጆች፥ እኅቶችና ወንድሞች ያሏችሁ ደግሞ የቅጥር ደብዳቤያቸው በየትኛው ደንብ እንደሚተዳደሩ የሚናገር መሆን አለመሆኑን ጠይቃችሁ አስታውቁን። ስቴንስሉ የሚቆረጠው በወሩ መጨረሻ ዐርብ ነው፤ ጽሑፉ ከዚያ በፊት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ባለው ሣጥን ይግባ። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም።